የአሥራ ሦስት ወር ልጅ

መሪጌታ ጥላዬ ማሩ ዝምድና በመቁጠር የሚደርስባቸው አልነበረም። ከአርብ ገበያ ማዶ ባለው የጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ ልጅ የሚድር ሰው ጠላውን ከመጥመቁ በፊት እሳቸው ዘንድ ይመጣል። መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ይቀመጡና በሙሽራው በኩል አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ይወጣሉ፤ በሙሽሪት በኩል ደግሞ እንዲሁ ይወርዳሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ የተገናኘ እንደሆነ «አይሆንም፣ ደም ነው» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። የተቆረጠው ቀን ይፈርሳል፣ የተጠነሰሰው ጠላም ለሰንበቴ ይሆናል። ድጓውን ቤተልሔም ወርደው ያስመሰከሩ፣ ባሕረ ሐሳቡን በጣታቸው አንጓ የሚያወጡ ሰው ስለሆኑ ቆጠራቸውን የሚጠራጠር አልነበረም። እሳቸውም አይጠራጠሩም።

አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥረው ዋሹ። እሳቸው ለራሳቸው እንደሚሉት ግን አልዋሹም፤ የተጠየቁትን ብቻ መለሱ።

አባታቸው አቶ ማሩ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከቀበሌው ገበሬዎች ጋር ተጭነው ለሰፈራ ወደ መተከል ተወሰዱ። ሰው ሁሉ እያያቸው የተመለሱት በመስከረም ሰባ ዘጠኝ ነው። በመካከሉ፣ በጥር ሰባ ስምንት፣ ባለቤታቸው ወለተ ሚካኤል ሴት ልጅ ወለዱ። ዘነበች ተባለች። በጣቱ የቆጠረ ሁሉ አሥራ ሦስት ወር ያገኛል፤ መንደሩም ቆጥሮ ነበር። ነገር ግን አቶ ማሩ ሲመለሱ ልጅቱን አንስተው ስመው «ልጄ» ስላሉ ሁሉም አፉን ያዘ።

እውነቱን ከባልና ሚስቱ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሳቸውም ራሳቸው መሪጌታ ጥላዬ ናቸው። ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ዲያቆን ነበሩ። በሚያዝያ ሰባ ሰባት፣ ፋሲካ ሲደርስ፣ አባታቸው ከሰፈራው ጠፍተው በእግራቸው መጡና በደብሩ ጫካ ተሸሽገው ሦስት ሳምንት ከረሙ። እንጀራ ያቀብሏቸው የነበሩት ጥላዬ ናቸው። ወለተ ሚካኤልም እንጨት ለመልቀም እያሉ ወደዚያው ይሄዱ ነበር። ከሰፈራ የጠፋ ሰው ቢያዝ ምን እንደሚደርስበት ይታወቅ ነበርና፣ አቶ ማሩ ወደ ስማዳ ቆላ ወርደው ለመደበቅ ሲነሱ ልጃቸውን መስቀል አስይዘው አስማሉ።

«መምጣቴን ለማንም እንዳትናገር። እኔ እስክናገረው ድረስ።»

ደርግ ወደቀ፣ ዘመኑ ተለወጠ። አቶ ማሩን ግን ደፍሮ የጠየቃቸው ስላልነበረ ሳይናገሩት በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት አረፉ። ወለተ ሚካኤል ሁለት ዓመት ቀድመዋቸዋል።

የአባትየው ተዝካር ከወጣ በኋላ የመሬቱ ነገር መጣ። ዘነበች ድርሻዋን ጠየቀች። አንድ ሰው የድሮውን ወሬ አነሳና ነገሩ በቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ እሸቱ ነገር የሚያከብዱ ሰው አልነበሩም። «ጉዳዩ ቆጠራ ነው» አሉ፤ «ቆጠራ ከሆነ ደግሞ መሪጌታ እያሉልን ማን ሊቆጥር ነው?» ባለጉዳዩም ቆጣሪውም አንድ ሰው መሆኑ ማንንም አልከነከነም።

«አባታችሁ መቼ ሄዱ?» ብለው ጠየቁ አቶ እሸቱ።

«በታኅሣሥ ሰባ ሰባት።»

«መቼ ገቡ?»

«በይፋ የገቡት በመስከረም ሰባ ዘጠኝ ነው።» «በይፋ» የምትለዋን ቃል መሪጌታ ለኅሊናቸው ሲሉ ነው የጨመሯት። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፋትም።

«ልጅቱስ?»

«በጥር ሰባ ስምንት።»

«እንግዲህ ይቁጠሩልን።»

መሪጌታ በአውራ ጣታቸው አንጓቸውን እየነኩ ቆጠሩ። «አሥራ ሦስት ወር፤ ጳጉሜን ሳትቆጠር» አሉ። ቆጠራው እንከን አልነበረውም።

ዘነበች ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ነጠላዋን አጣፍታ ከሰዎቹ ኋላ ቆማ ነበር። «አያ» አለች፣ «እርስዎ ያውቃሉ። እናቴ ነግራኛለች።»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። የአባት መሐላ አለባቸው። መናገር ቢፈልጉም እንኳ አይችሉም፤ ሊቅ ሆኖ መሐላ የሚያፈርስ ማን ነው? እንዲህ እያሉ ሲያወጡና ሲያወርዱ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፤ ማሳው በሙሉ በእሳቸው ስም ሆነ። ባሏ ካሳ ወረዳ ድረስ ሄደን እንጠይቅ ብሎ ነበር። ዘነበች እንቢ አለች። ወገዳ፣ ባሏ አገር ገብታ ቀረች። ለፋሲካም ለጊዮርጊስ ንግሥም ዳግመኛ አልመጣችም።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት የመሪጌታ ፊት ያብጥ ጀመር። ጠዋት ዓይናቸው አልገለጥ ይላል፤ ወደ ማታ ደግሞ እግራቸው ጫማ እንቢ ይላል። ጠበል ተጠመቁ። ንፋስ መውጫ ታዩ፣ ባሕር ዳር ተላኩ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ደክመዋል ተባለ። የአጎታቸው ልጅ ቤት ተቀምጠው በሳምንት ሁለት ቀን ደማቸውን በመሣሪያ እየታጠቡ ከረሙ። ሐኪሞቹ ኩላሊት ንቅለ ተከላ አገር ውስጥ መጀመሩን ነገሯቸው፤ ሰጪው ግን ዘመድ መሆን አለበት። ሚስታቸው አማረች ልስጥ ብላ ደሟ አልሆነም። ልጃቸው ሜሮን ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

ሰባት ቤት ቆጥረው የማይስቱት ሰው ተቀምጠው ዘመዶቻቸውን ቆጠሩ። በአጎት በኩል ይወጣሉ፣ በአክስት በኩል ይወርዳሉ፤ በየትም ቢዞሩ የቅርቡ ሰው አንድ ሆነ። ስሙን አልጠሩም።

አማረች ግን ምንም ሳትነግራቸው ተነስታ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ከዚያም በአቧራ መንገድ ወገዳ ደረሰች። ዘነበችን ከአውድማ ላይ አገኘቻት፤ ገብስ እያበራየች ነበር።

«ምን ልትይኝ እንደመጣሽ አውቃለሁ» አለች ዘነበች፣ መንሹን ሳታስቀምጥ።

«እኔ ልጠይቅሽ አፍ የለኝም።»

«እንግዲያው አትጠይቂኝ።» ጥቂት ገለባ ወደ ነፋስ ወረወረች። «የሚወስዱት ሁለቱንም ነው አንዱን?»

«አንዱን።»

«ምርቱ ይግባና እንሄዳለን» አለች።

ሆስፒታሉ ከቀበሌ የዝምድና ማስረጃ ይፈልጋል። መሪጌታ ለጸሐፊው ስልክ ደወሉ። ጸሐፊው ተቸገረ፤ ቃለ ጉባኤው የአቶ ማሩ ልጅ አይደለችም ይላል፣ እሱ ደግሞ ከቃለ ጉባኤው ውጭ መጻፍ አይችልም። «እንግዲያው በእናት ብቻ የሚገናኙ እህትና ወንድም ብለህ ጻፍ» አሉት። ሕይወታቸውን ለማትረፍ እንኳ ቢሆን ግማሿን ብቻ ነው የፈቀዱላት። ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ራሷ ዘነበች ነበረች። አውቶቡስ ውስጥ አነበበችው፤ አጣጥፋም ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ንቅለ ተከላውን የምትከታተለው ዶክተር ሕሊና የምትባል ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ነበረች። የምርመራው ውጤት በመጣ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ወረቀቶቹን አገላበጠች።

«የቀበሌው ደብዳቤ በእናት ብቻ ትገናኛላችሁ ይላል» አለች።

«ይላል» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲያው ደብዳቤው ይታረም። ሰው ሕዋሱ ላይ መታወቂያ የሚሆን ምልክት አለው። ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወርሳል። በእናት ብቻ ብትገናኙ ቢበዛ በግማሽ ትገጥሙ ነበር። የእናንተ ግን በሙሉ ነው የገጠመው። እንዲህ ያለ መገጣጠም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ላይ፣ እሱም ከአራቱ አንዱ ላይ ነው የምናገኘው። እድለኛ ነዎት፣ መሪጌታ።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጸሐፊው ተሳስቶ ይሆናል።»

«ጸሐፊውማ የተነገረውን ነው የጻፈው» አለች ዘነበች። መስኮት መስኮቱን ነበር የምታየው።

በመስከረም ሁለት ሺህ ዘጠኝ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። የእህቲቱ ኩላሊት ገና ከመግባቷ ሥራዋን ጀመረች። መሪጌታ ከሆስፒታል ሲወጡ ዶክተር ሕሊና መድኃኒቱን በእጃቸው አስጨብጣ አስረዳቻቸው። «ሰውነትዎ ዘበኛ አለው። ኩላሊቷን እንግዳ ናት ብሎ እንዳያባርራት ዘበኛውን በነዚህ ክኒኖች እናስተኛዋለን። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። አንድም ቀን እንዳያሳልፉ።»

አገራቸው ሲገቡ ደብሩ በእልልታ ተቀበላቸው። በሰንበቴው ላይ ስለ ወንድማማች ፍቅር ግማሽ ቀን አስተማሩ። ሰው ሁሉ «የእናት ልጅ ብቻ ሆና ይህን ካደረገች፣ ሙሉ እህት ብትሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር» እያለ ይደነቅ ነበር። መሪጌታ አላረሙትም። ቃለ ጉባኤውን ለማስተካከል አስበው ነበር፤ ግን ጾሙ ይውጣ አሉ፤ ጾሙ ሲወጣ ክረምቱ ገባ። ክረምቱ ደግሞ ሰው በእርሻ የተያዘበት ጊዜ ነው፤ ለኮሚቴ አይመችም።

ነሐሴ ላይ አንገታቸው ሥር እብጠት ወጣ። ለውዝ ታህል ነበር፤ በሁለት ሳምንት እንቁላል አከለች። በብብታቸው ሌላ ወጣ። ሲነጋ ልብሳቸው በላብ ርሶ ይገኛል፤ እህልም ይሸታቸው ጀመር። አማረች በነጠላ ጫፍ ፊታቸውን እየጠረገች ሳለ እንዲህ አሏት፦

«ከእሷ የመጣ ነው። የማን ደም እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ሰውነቴ ውስጥ አስገብቼ።»

አማረች እጇን ሰበሰበች። «የማን ደም እንደሆነ ያልታወቀ?»

መሪጌታ ደነገጡ። ሐሰቱን ሰባት ዓመት ሲያኖሩት ኖረው እሳቸውም አምነውት ኖሯል። ያም ሆኖ ቃሉን መልሰው አልዋጡትም። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሰምቶት ስለነበር ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ወገዳ ደረሰ፤ ዘነበች በሽታዋን ለወንድሟ አውርሳ ልትገድለው ነው ተባለ።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ዘነበች ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ተለይታ መጥታለች። ሰላም ካለቻቸው በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ «እብጠቱ በየት በኩል ነው የጀመረው?» መሪጌታ አንገታቸውን አሳዩዋት። እሷም የራሷን አንገት በዚያው በኩል ዳሰሰች።

ከእብጠቱ ቁራጭ ተወስዶ ተመረመረ። ዶክተር ሕሊና ሦስቱን፣ መሪጌታን፣ አማረችንና ዘነበችን፣ አስቀምጣ ስሙን ነገረቻቸው፤ ሊምፎማ። የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ነው።

«አካል ከተተከለላቸው ሰዎች ጥቂቱ ላይ ይመጣል» አለች። «አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሁላችንም ለማለት ይቻላል በልጅነታችን የሚይዘን ቫይረስ ነው። ጉንፋን መስሎ ያልፍና ሳይወጣ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ዘበኛው ነቅቶ ስለሚጠብቀው ድምፁን አያሰማም። እኛ ደግሞ ለኩላሊቷ ብለን ዘበኛውን አስተኛነው። ጊዜ አገኘና የተሸሸገበትን ሕዋስ ያባዛው ጀመር። ሕዋሱ ሲባዛ ዘረ መሉ ይገለበጣል፤ ብዙ ሲገለበጥ ስሕተት ይገባል፤ ስሕተቱ ሲደራረብ ይህ ይሆናል።»

ተሸሽጎ የሚኖር፣ ድምፁን የማያሰማ ነገር ሲባል መሪጌታ ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ።

ዘነበች በዝግታ ጠየቀች። «የተባዛው ሕዋስ የማን ነው? የኔ ነው የሳቸው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የተቀባዩ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከኩላሊቱ ጋር አብሮ የሄደ የሰጪው ሕዋስ የሚሆንበት አለ። እንደዚያ ከሆነ አንቺንም መመርመር አለብን።»

«እንዴት ይለያል?» አሉ መሪጌታ። «እንደነገርሽን በሙሉ ገጥመናል።»

«በሱ አይለይም። በሌላ ግን ይለያል። የሴት ሕዋስ ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም አለው። የወንድ ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። ዋይ የሚመጣው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሴት ልጅ አትወርሰውም። በዕጢው ሕዋስ ውስጥ ዋይ ከተገኘ የእርስዎ ነው፤ ካልተገኘ የእሷ ነው። ቁራጩ ውጭ አገር ሄዶ ነው የሚታየው፤ አምስት ሳምንት ይፈጃል።»

ሕክምናው ግን ይህን አልጠበቀም። በየሳምንቱ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት አዘዘችላቸው። ከዘበኛው ማስተኛ ክኒኖች ደግሞ አንዱን አስቆመች፣ ሌላውን በግማሽ ቀነሰች።

«ዘበኛውን ልንቀሰቅሰው ነው» አለች። «የሚያሰጋው ሲነቃ ኩላሊቷንም እንዳያባርራት ነው። ሆኖም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጅ ናት፣ ምልክቷም የእርስዎው ስለሆነ አያውቃትም ብዬ አልፈራም።»

መሪጌታ፣ «ነገሩ እንደ ደብዳቤው ቢሆን ኖሮስ?» አሉ።

«እንደ ደብዳቤው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ደፍሬ አልቀንስም ነበር። ወይ ኩላሊቷን፣ ወይ እርስዎን መምረጥ ይመጣ ነበር።»

አምስቱን ሳምንት ሦስቱም የአጎትየው ልጅ ቤት ተቀመጡ። አማረች ምግቡን ትሠራለች፤ ዘነበች መሪጌታን ወደ ሆስፒታል ትወስዳለች፣ ትመልሳለች። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ከታጠበች በኋላ በመስኮቱ መስተዋት ፊት ትቆምና አንገቷን፣ ከጆሮዋ ሥር ጀምራ እስከ ትከሻዋ፣ በሁለት ጣቶቿ ቀስ እያለች ትዳስሳለች። ከዚያ ብብቷን። መሪጌታ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያዩዋታል። ዳዊታቸውን ይዘው መድገም ይጀምሩና ዓይናቸው ከመጽሐፉ ላይ ይነሳል። በሦስተኛው ሳምንት ዳዊቱን መያዝም ተዉት። ይህች ሴት አንድ ኩላሊቷን ሰጥታ፣ ገዳይ ተብላ ተሰድባ፣ አሁን ደግሞ ሞቷን በጣቷ ትፈልጋለች። ሊናገሩ ፈልገው ጀመሩት።

«ዘነበች።»

«አቤት፣ አያ።»

«ክኒኔ ደርሷል?»

«ገና ነው።»

ውጤቱ በጥቅምት መጀመሪያ መጣ። ዶክተር ሕሊና በአጭሩ ነገረቻቸው፤ በዕጢው ሕዋስ ሁሉ ውስጥ ዋይ ተገኝቷል። በሽታው የራሳቸው የመሪጌታ ነው። ከኩላሊቷ የመጣ ነገር የለም።

ዘነበች «ተመስገን» አለችና ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ለእሷ የምሥራች የሆነው ለእሳቸው ምን እንደሆነ ትዝ ብሏት አፍራ ነበር። መሪጌታ ግን የዶክተሯን ጠረጴዛ እያዩ ሌላ ያስቡ ነበር። ከአባታቸው የወረሱት፣ እህታቸው የማትጋራቸው አንድ ነገር በእርግጥ አለ። ሐኪሞቹ አግኝተውታል፤ እብጠቱ ውስጥ ነው። ከዚህ ግን ዘነበች ድርሻ ጠይቃ አታውቅም።

ውጭ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ፣ አማረች ከመድኃኒት ቤት እስክትመለስ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ።

«በሚያዝያ ሰባ ሰባት አባባ መጥቶ ነበር» አሉ መሪጌታ። «ጫካ ውስጥ። እንጀራ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ኮሚቴው ፊት እንዳልኩዎት።»

«አስምሎኝ ነበር። ለማንም እንዳትናገር ብሎ።»

ዘነበች ዞር ብላ አየቻቸው። «አባባ ያስማለዎት ከደርግ ለመሸሸግ ነው። ከኔ ለመሸሸግ አይደለም።»

መሪጌታ በዚህ ሁሉ ዓመት መሐላውን ሲያገላብጡት፣ ሲተረጉሙት፣ አንድምታውን ሲያወጡለት ኖረዋል፤ ይህን ግን አላዩትም ነበር። ወይም አይተውት አልፈዋል።

«ታዲያ እንዲህ እያወቅሽ ኩላሊትሽን ለምን ሰጠሽኝ?»

«ይቅር ብዬ አይደለም» አለች። «ሊሞቱ ነው ሲሉኝ ነው። ያ ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ ነው።»

እስከ ገና ድረስ እብጠቱ ጠፋ። በመጀመሪያ የብብቱ፣ ቀጥሎ የአንገቱ። ኩላሊቷም ንቅንቅ አላለችም፤ ነቃ የተባለው ዘበኛ እያለፈ እያገደመ እንደ ቤተኛ ተዋት። ዶክተር ሕሊና የተረፈውን መድኃኒት በዚያው በትንሹ አድርጋ፣ በሦስት ወር በሦስት ወር እየመጡ ይታዩ ብላ ሸኘቻቸው።

መሪጌታ ቤታቸው በገቡ በሳምንቱ ወደ ቀበሌው ሄዱ። ጸሐፊው ያንኑ ቃለ ጉባኤ አውጥቶ አየና፣ የተጎዳው ወገን ካላመለከተ መዝገቡ አይከፈትም አላቸው። የተጎዳችው ደግሞ ዘነበች ናት። እንግዲህ እሷ ልትከሳቸው ይገባል። ዘነበችን አስጠሩና፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው ራሳቸውን የሚከስ ማመልከቻ ጻፉላት። «ተከሳሽ የተባለው ወንድሜ በስሕተት የተናገረውን…» ይላል።

ዘነበች አነበበችና ጣቷን በአንድ ቃል ላይ አሳረፈች። «ይህችን ይሰርዟት።»

«የቷን?»

«'በስሕተት' የምትለዋን። 'እያወቀ' ይበሉ።»

መሪጌታ ብዕሩን እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ ሰረዙና ጻፉ። ወረቀቱ እንዲያምር ብለውም ሁሉንም እንደ አዲስ ገለበጡት።

ኮሚቴው በጥር ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አሁንም አቶ እሸቱ ናቸው፤ ትንሽ አርጅተዋል። መሪጌታ ተነስተው በቆሙበት ሁሉንም ተናገሩ፤ ጫካውን፣ እንጀራውን፣ ሦስቱን ሳምንት፣ እያወቁ ዝም ማለታቸውን። ሲጨርሱ ከሰዎቹ መካከል «አይ እኒህ ሰው» የሚል የአዘኔታ ድምፅ ተሰማ።

«መሪጌታ» አሉ አቶ እሸቱ፣ ለበሽተኛ እንደሚባለው ለስለስ አድርገው፣ «ውለታ ከባድ ነው፤ እንረዳለን። ኩላሊት የሰጠ ሰው ምን ይነፈጋል? ግን ኮሚቴ በውለታ አይወስንም።»

«ውለታ አይደለም። ያኔ ዋሽቻለሁ።»

«እርስዎ ሊቅ ነዎት፤ አይዋሹም» አሉ አቶ እሸቱ። የተሰበሰበውም ሰው ራሱን እየነቀነቀ ደገፋቸው። ሐሰቱን በተናገሩ ጊዜ ማስረጃ የጠየቃቸው አልነበረም።

ዘነበች ከደረቷ የሆስፒታሉን ወረቀት አወጣች። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንዱ ገልብጦ አየው፣ ሌላው በብርሃን አየው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ተጠርቶ ከብዙ ማቅማማት በኋላ «ወንድምና እህት፣ ሙሉ» የሚል እንደሚገኝበት ነገራቸው። ከሁሉ በላይ ግን ክብ ሰማያዊ ማኅተም ነበረበት። ማኅተሙ ነገሩን ጨረሰው። የማሳው እኩሌታ ለዘነበች ማሩ እንዲሆን ተወሰነ።

የቀረው ጽሑፉ ነበር። ጸሐፊው እንዲህ ብሎ አነበበ፤ «ቀደም ሲል የተሰጠው ውሳኔ በወራት ቆጠራ ስሕተት የተፈጠረ መሆኑ በሳይንስ ስለተረጋገጠ…»

«ቆይ» አሉ መሪጌታ። «ቆጠራው አልተሳሳተም። አሥራ ሦስት ወር ልክ ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«እንዲያ ብለን ብንጽፍ ደብሩን ያሳፍራል» አሉ አቶ እሸቱ። «ሰው ቆጥሮ ይሳሳታል፤ ምንም የለበትም።»

«ከፈለጋችሁ አሁን እዚሁ ልቁጠረው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር…» ብለው አውራ ጣታቸውን አንጓቸው ላይ አሳረፉ። ማንም አላያቸውም። ቃለ ጉባኤው እየተፈረመ ነበር።

ዘነበችም ልታስቀይረው አልሞከረችም። ማመልከቻው ላይ «እያወቀ» የሚለው በሳቸው እጅ ተጽፎ ተያይዟል፤ ለእሷ ያ ይበቃታል። መሪጌታ በጣታቸው ወር ሲቆጥሩ አይታ ግን ሳቅ አመለጣት። በነዚያ ስምንት ዓመታት ሲስቁባት እንጂ ስትስቅ ያያት የመንደሩ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ልጅ የሚድሩ ሰዎች አርብ ገበያን አልፈው ሌላ ደብር፣ ሌላ ቆጣሪ ዘንድ መሄድ ጀመሩ። መሪጌታ ወር መቁጠር ይሳሳታሉ ተባለ። በዋሹበት ዘመን ያልጠፋ ስማቸው እውነቱን በተናገሩ ጊዜ ጠፋ፤ እሱም ከቶ ባልሠሩት ጥፋት። መጀመሪያ ላይ ይህ እብጠቱ ካመማቸው በላይ አመማቸው። ለአማረች አሥር ጊዜ ቆጥረው አሳይተዋታል። «ልክ ነዎት» ትላቸዋለች፤ «ልክ ነዎት፣ አሁን ይብሉ።»

ካሳ ከወገዳ በሬዎቹን ይዞ መጥቶ የዘነበችን እኩሌታ አረሰ። እሷም አብራው ነበረች። መሪጌታ ከባድ ሥራ ስለተከለከሉ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ስንዴው ተዘርቶ ካለቀ በኋላ ዘነበች ነጠላዋን አራግፋ ወደሳቸው መጣች።

«እኛ ነገ ወደ ወገዳ ልንገባ ነው» አለች።

«መቼ ትመለሳላችሁ?»

«ለአረም። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ቀጠሮዎ አለ፤ አማረች ትደውልልኝ፣ ንፋስ መውጫ ላይ እንገናኛለን። እኔም አብሬ ልታይ ነው፤ ዶክተሯ የሰጪም ኩላሊት በዓመት አንዴ ይታያል ብላለች።»

«እሺ።»

«ሰዓቱ አንድ ሊል ነው፣ አያ። ክኒንዎን ይዋጡ።»

መሪጌታ ከጋቢያቸው ጫፍ ክኒኗን ፈትተው አወጡ። ዘነበች ከካሳ ዘንድ ውሃ የተረፈበትን ኮዳ አምጥታ ሰጠቻቸውና፣ ዋጡ አልዋጡ እስክታይ ድረስ ቆማ ጠበቀች።